የላም ወተት ለማይስማማቸው ሰዎች ስለሚተካ ምግብ የተጻፈ ትምህርት

ለክቡራን የአገር አስተዳዳሪዎች፥ ለወረዳ ሹማምንት፥ ለእርሻና ለከብት ባለቤቶችም የቀረበ።

በአገራችን ላም የሀብት መጀመሪያ፥ ወተትም የምግብ አለቃ ተብሎ ሲመሰገን ኖሯል። እንግዳ ሲመጣ ወተት ይቀርብለታል፤ ለአራስ ገንፎዋ በቅቤ ይሠራላታል፤ ሕፃን ሲከሳም «ወተት ስጡት» ይባላል። ይህ ምስጋና በእውነት የሚገባው ነው። ነገር ግን ከሕዝቡ መካከል ወተት በጠጡ ቍጥር ሆዳቸው የሚነፋና የሚጮኽ፥ ቍርጠትና ተቅማጥም የሚይዛቸው ብዙ ሰዎች አሉ። ከነዚህም ሌላ በቍጥር ጥቂቶች ቢኾኑም ወተት በቀመሱ ጊዜ ገላቸው የሚያብጥና ትንፋሽ የሚያጥራቸው ሕፃናት ይገኛሉ። የፊተኛው የሚያስቸግር ነው፤ የኋለኛው ግን ሊገድል የሚችል ነው። ስለዚህ ኹለቱን ለይቶ ማወቅ ለእያንዳንዱም የሚስማማውን ምግብ መፈለግ ይገባል።

«ይህ የሐኪም ሥራ ነው እንጂ የአስተዳዳሪና የባለ እርሻ ሥራ ምንድን ነው?» የሚል ቢኖር፥ መልሱ እንዲህ ነው። ለተማሪዎች የሚታደለውን ምግብ፥ በድርቅ ጊዜ የሚከፋፈለውን የወተት ዱቄት፥ ለድኻ ቤተ ሰብ የሚሰጠውንም ከብት የሚያዝዙት ሹማምንት ናቸው። ከ 2015 ዓ.ም. ጀምሮም የሌማት ትሩፋት በተባለው ሥራ ወተትና እንቍላል፥ ዶሮና ማር በየቤቱ እንዲበዛ ይደከማል። ይህ ሥራ መልካም ፍሬ የሚሰጠው፥ የሚሰጠው ምግብ ለተቀባዩ ሆድ የሚስማማ ሲኾን ነው። ወተቱ ተትረፍርፎ ሳለ ልጁ መጠጣት ካልቻለ፥ «ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ» እንደ ተባለው ይኾንበታል።

1ኛ፤ በወተት ውስጥ ስላለው ነገር

ከ 100 ግራም የላም ወተት 87 ግራም ያህሉ ውሃ ነው። ከቀረው ውስጥ ከ 3 እስከ 4 ግራም ገደማ ቅባት፥ ከ 3 ግራም ጥቂት የሚበልጥ ፕሮቲን፥ ወደ 5 ግራም የሚጠጋ ላክቶስ የተባለ የወተት ስኳር ይገኛል። ለዐጥንትና ለጥርስ የሚያስፈልገው ካልሲየም ደግሞ 120 ሚሊግራም ያህል አለበት። ሕመም የሚያመጡት ነገሮች ከነዚህ ውስጥ ኹለቱ ናቸው፤ እነርሱም ስኳሩና ፕሮቲኑ ናቸው። ቅባቱ በዚህ ነገር በደል የለበትም። ቅቤና ወተት ለየብቻቸው የሚመረመሩትም ስለዚህ ነው።

2ኛ፤ ስለ ሕመሙ ዓይነቶች

የመዠመሪያው ላክቶስን መፍጨት አለመቻል ነው። ሕፃን ኹሉ ሲወለድ በትንሹ አንጀቱ ውስጥ ላክቴዝ የሚባል የወተቱን ስኳር ከኹለት የሚከፍል ኀይል አለው። የሰውም የእንስሳም ጡት የሚጠቡት ኹሉ እንዲሁ ናቸው። ጡት ከተተወ በኋላ ግን ይህ ኀይል በብዙ ሰዎች ዘንድ እያደር እያነሰ ይኼዳል። እንግዲህ ያልተፈጨው ስኳር ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል፤ በዚያ ያሉት ረቂቃን ተሐዋስያን ያብላሉታል፤ ከዚህም የተነሣ ነፋስ ይበዛል፥ ውሃም ወደ አንጀት ይሳባል። ሆድ የሚነፋውና ተቅማጥ የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው። ምልክቱ ወተት ከተጠጣ በኋላ ከግማሽ ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ይታያል። ሰውየውን ያስጨንቀዋል እንጂ አንጀቱን አያበላሽበትም።

ኹለተኛው አለርጂ ነው። ይህ ስኳሩን የሚመለከት አይደለም። የሰውነት መከላከያ የወተቱን ፕሮቲን እንደ ጠላት ቈጥሮ ሲቈጣ የሚመጣ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው በሕፃናት ላይ ነው። ምልክቱም የቈዳ ሽፍታ፥ የከንፈርና የዐይን ማበጥ፥ ማስታወክ፥ ደም የተቀላቀለበት ሰገራ፥ የትንፋሽ ማጠር ነው። እንዲህ ላለው ሕፃን ጥቂት ጠብታ እንኳ ሊበዛበት ይችላል። ብዙዎቹ ልጆች በዕድሜ ከፍ ሲሉ ይሻላቸዋል፤ መሻሉ ግን በሐኪም ተመርምሮ እንጂ በቤት በመሞከር የሚታወቅ አይደለም።

ሦስተኛው ጊዜያዊ ነው። ልጅ ብርቱ ተቅማጥ ከያዘው በኋላ ወይም በረኀብ ከተጎዳ በኋላ የአንጀቱ ገጽ ስለሚቈስል ላክቶስን መፍጨት ለጥቂት ሳምንታት ይሳነዋል። አንጀቱ ሲድን ኀይሉ ይመለስለታል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ልጅ ዕድሜውን ኹሉ ከወተት መለየት ስሕተት ነው።

ከነዚህ ከሦስቱ ሌላ ደግሞ ሕመሙ ከወተቱ ሳይኾን ከወተቱ ርኵሰት የሚመጣበት ጊዜ አለ። ጥሬ ወተት የሳንባ ነቀርሳና ብሩሴሎሲስ የተባለውን በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል። ግሬራው በደንብ ካልታጠበ፥ ወይም የላሟ ጡት ሳይጠረግ ከታለበ፥ ያንኑ ወተት የጠጡት ኹሉ በአንድነት ይታመማሉ። አንድ ሰው ብቻ ታሞ ቤተ ሰቡ ደኅና ከኾነ ነገሩ ከሰውየው ነው፤ የጠጡት ኹሉ ከታመሙ ግን ነገሩ ከዕቃው ወይም ከላሟ ነው። ዕቃውን በወይራ ማጠን የቈየ መልካም ልማድ ነው፤ ነገር ግን ማጠኑ የማፍላትን ቦታ አይተካም። ደግሞም መፍላቱ በሽታውን ያጠፋል እንጂ ላክቶሱን አያጠፋውም፤ አለርጂ ላለበትም መፍላቱ ዋስትና አይኾነውም።

3ኛ፤ ይህ ነገር ከምን እንደ መጣ

እንደ አውሮጳ አቈጣጠር እስከ 1965 ዓ.ም. ድረስ ብዙዎቹ የአውሮጳና የአሜሪካ ሐኪሞች ያደገ ሰው ኹሉ ወተት መጠጣት ይችላል፥ የማይችለው ሕመምተኛ ነው ብለው ያስቡ ነበር። በ 1965 እና በ 1966 ዓ.ም. ግን በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ የጆንስ ሆፕኪንስ ሐኪሞች መርምረው፥ ከአፍሪካ ዘር ከኾኑት ሰዎች አብዛኞቹ፥ ከነጮቹም ጥቂቶቹ ላክቶስን መፍጨት እንደማይችሉ ገለጡ። ከዚያ ወዲያ በየአገሩ በተደረገው ምርመራ ከዓለም ሕዝብ ከ 3 እጅ 2 እጅ ያህሉ እንዲህ ያለ መኾኑ ታውቋል። ስለዚህ ወተት የማይፈጨው ሰው ብርቅ አይደለም። ይልቁንም በብዛት የሚገኘው እርሱ ነው።

በጕልማሳነት ወተት የመፍጨት ኀይል የሚኖረው ከአባትና ከእናት በሚወረስ ጥቂት ለውጥ ነው። በአውሮጳ ሰዎች ዘንድ ያለውን ለውጥ በ 2002 ዓ.ም. የፊንላንድ ሊቃውንት አገኙት። በ 2007 ዓ.ም. ደግሞ በምሥራቅ አፍሪካ ከብት አርቢዎች ዘንድ ያለው ለውጥ ከአውሮጳው የተለየ፥ ለብቻውም የተነሣ መኾኑ ተገለጠ። በ 2009 እና በ 2013 ዓ.ም. በወጡት ጽሑፎች፥ በኢትዮጵያ ሕዝቦች ዘንድ የሚገኘው ለውጥ አንድ ዓይነት ብቻ ሳይኾን ልዩ ልዩ መኾኑ ታወቀ፤ በአንድ ነገድ ውስጥ እንኳ ብዙ ዓይነት ተገኘ። ከዚህ የምንማረው ነገር ይህ ነው፤ በአንድ ቀበሌ፥ በአንድ ቤትም ውስጥ ሳይቀር፥ ወተት የሚስማማውና የማይስማማው ሰው ጐን ለጐን ሊኖሩ ይችላሉ። ወንድሙ ጠጥቶ ደኅና ስለ ኾነ ሌላውን «ቅንጡ ነው፥ ምግብ ይንቃል» ማለት አይገባም። ቡዳ በላው ወይም መድኀኒት አቀመሱት እያሉ ጎረቤትን ማማትም ሰውን ከሰው ያጣላል እንጂ በሽተኛውን አያድነውም።

4ኛ፤ ሕመሙ ከወተት መኾኑን ስለ መለየት

ያደገ ሰው ሆዱን ብቻ የሚያመው ከኾነ እንዲህ ያድርግ። ለ 2 ሳምንት ወተትን ፈጽሞ ይተው፤ በዚህም ጊዜ የሆዱን ኹኔታ ይከታተል። ከዚያ በኋላ በመዠመሪያው ቀን አንድ የቡና ስኒ ወተት፥ ከ 2 ቀን በኋላ ግማሽ ብርጭቆ፥ ደግሞ ከ 2 ቀን በኋላ አንድ ሙሉ ብርጭቆ ይጠጣ። ሲተወው ተሽሎት ሲመልሰው ካመመው ነገሩ ከወተቱ ነው፤ በምን ያህል መጠን እንደሚያመውም በዚሁ ያውቃል። ብዙዎቹ ላክቶስ የማይፈጩ ሰዎች 12 ግራም ያህል ላክቶስ ያለበትን አንድ ብርጭቆ ወተት ከምግብ ጋራ ሲወስዱት ብዙ ሳያስቸግራቸው ይችሉታል።

ለጾመኞች ወገኖቻችን ዐቢይ ጾም 55 ቀን የሚቈይ በመኾኑ ራሱ እንደ ፈተና ያገለግላል። ዓመቱን ኹሉ ሆዱ ሲነፋ የኖረ ሰው በጾሙ ወራት ፈጽሞ ደኅና ኾኖ በፋሲካ ሰሞን ሕመሙ ከተመለሰበት ወተትን መጠርጠር ይገባዋል። ነገር ግን በፋሲካ ሥጋውም ቅባቱም መጠጡም በአንድ ጊዜ ስለሚበዛ፥ ፍርዱን ከመስጠት በፊት በተራ ቀን ወተትን ብቻውን መሞከር ያስፈልጋል።

ይህ መፈተኛ ሽፍታ፥ እብጠት ወይም የትንፋሽ ማጠር ለታየበት ሰው፥ ለሕፃንም አይደረግም። እንዲህ ያለው በቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ክብደት የሚቀንስ፥ ትኵሳት ያለው፥ ደም የሚያስቀምጠው ሰውም ወተትን በመተው ብቻ ሳይዘናጋ ይመርመር።

5ኛ፤ ከላም ከሚገኘው ውስጥ ሳይተው ሊበላ ስለሚችለው

ችግሩ የላክቶስ ብቻ የኾነበት ሰው ላሙን መሸጥ የለበትም። የአባቶቻችን የወተት ሙያ ራሱ መድኀኒቱን ይዟል። ወተት ሲረጋ ተሐዋስያኑ ከላክቶሱ ከፊሉን ወደ መጣጣነት ይለውጡታል፤ በውስጡ የቀሩትም በሆድ ውስጥ መፍጨቱን ያግዛሉ። ስለዚህ ጥሬ ወተት የሚያመው ሰው እርጎን ብዙ ጊዜ ያለ ችግር ይበላዋል። የቦረና አርብቶ አደሮች ኢቲቱ የሚሉት ውሃው እየተቀነሰ ለብዙ ጊዜ የሚቀመጥ እርጎም በዚሁ መንገድ የሚሠራ ነው።

እርጎው ተገፍቶ ቅቤው ሲወጣለት ቅባቱ ከላክቶሱ ይለያል። ቅቤ ያለው ላክቶስ እጅግ ጥቂት ነው፤ ንጥር ቅቤ ደግሞ የለውም ለማለት ይቻላል። አሬራው በዝግታ ሲሞቅ አይቡ ይሰበሰባል፥ የቀረውም ላክቶስ አብዛኛው ከአጓቱ ጋራ ይፈስሳል። ስለዚህ በደንብ የተጠለለ አይብ ለእንዲህ ያለው ሰው የሚስማማ ምግብ ነው፤ አጓቱ ግን ለጥጃ ወይም ለውሻ ቢሰጥ ይሻላል።

የወተት ዱቄት ነገር ከዚህ ተቃራኒ ነው። ዱቄት ማድረቅ ውሃውን ያወጣል እንጂ ስኳሩን አያወጣውም። ቅባቱ ከወጣለት ከ 100 ግራም የወተት ዱቄት ውስጥ 50 ግራም ያህሉ ላክቶስ ነው። የርዳታ ዱቄት የሚያድል ሹም ይህን አይዘንጋ፤ ሰው ጠጥቶ ታመምኹ ሲል «የተሰጠውን የሚንቅ» ብሎ ከመዝገብ አይሰርዘው። ይልቁንም ዱቄቱ ከእህል ዱቄት ጋራ ተቀላቅሎ በጥቂት በጥቂቱ እንዲበላ ወይም እንዲረጋ ቢያደርግ መልካም ነው። በረኀብ ለተጎዱ ሕፃናት በሐኪም ቤት የሚሰጠው የመዳኛ ወተት ግን በሐኪም ሥርዐት የተዘጋጀ ስለ ኾነ ያለ ሐኪም ቃል ማንም አያቋርጠው።

አለርጂ ላለበት ሰው ከዚህ በላይ የተጻፈው ኹሉ አይሠራም። እርጎውም አይቡም ፕሮቲኑን ይዘዋል፤ ቅቤውም ርዝራዥ ይኖርበታል። እርሱ ከላም የሚገኘውን ኹሉ መተው ግድ ነው።

6ኛ፤ ስለ ሌሎች እንስሳት ወተት

«የላም ካልተስማማው የፍየል ይጠጣ» ማለት በየቦታው የተለመደ ነው። ነገር ግን የፍየል ወተት ላክቶሱ ከላም ወተት በጥቂቱ ብቻ ያነሰ ስለ ኾነ ሆድ የሚነፋውን ሰው ብዙም አይጠቅመውም። ፕሮቲኑም ከላም ወተት ፕሮቲን ጋራ እጅግ ስለሚመሳሰል የላም ወተት አለርጂ ካለባቸው ልጆች አብዛኞቹ በፍየሉም ይታመማሉ። ፍየል በድርቅ መታገሥዋና በጥቂት መኖ መኖርዋ ለድኻ ቤት ትልቅ በረከት ነው፤ ለዚህ ሕመም መድኀኒት ናት ማለት ግን ሐሰት ነው። የበግ ወተትም እንዲሁ ነው።

በአፋር፥ በሶማሌና በቦረና የሚጠጣው የግመል ወተት ጥቂት ይለያል። በላም ወተት ውስጥ ካሉት አለርጂ ከሚያመጡት ፕሮቲኖች ዋነኛ ከኾኑት አንዱ በግመል ወተት ውስጥ የለም። ስለዚህ አንዳንድ ልጆች የግመሉን ይችሉታል፤ አንዳንዶቹ ግን አይችሉትም፤ የሚፈተነውም በሐኪም ፊት ነው። የግመል ወተት ቪታሚን ሴ ከላሙ አብልጦ ይዟል፤ አትክልት በማይበቅልበት በረሓ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ላክቶሱ ግን ከላም ወተት ጋራ ተቀራራቢ ነው።

7ኛ፤ ከእህልና ከቅባት ፍሬ ስለሚሠራው

በዚህ ነገር አገራችን ድኻ አይደለችም። ረቡዕና ዓርብን፥ ሌሎቹንም አጽዋማት ሲጾም የኖረ ሕዝብ ያለ ወተትና ያለ ቅቤ የሚጣፍጥ ምግብ መሥራትን ከጥንት ጀምሮ ዐውቋል። የጾም ገበታ ወተት ለማይስማማው ሰው የተዘጋጀ ያህል ነው። ከዚያው የተመረጡትን ከዚህ በታች እናመለክታለን።

ሱፍ። ፍሬው ተለቅሞ በውሃ ጥቂት ይቀቀላል፥ ወይም በምጣድ ለስለስ ብሎ ይታመሳል። ከዚያ ተወቅጦ በለብ ያለ ንጹሕ ውሃ ይታሻል፥ በንጹሕ ጨርቅም ይጠለላል። ወተት የመሰለ ነጭ ፈሳሽ ይወጣዋል። ዝንጅብልና ቃሪያ ገብቶበት ለእንጀራ ፍትፍት ይኾናል፤ ጥቂት ስኳር ቢገባበት ልጆች ይወዱታል። ከባቄላ ዱቄት ጋራ ተበስሎ፥ ሰናፍጭ ገብቶበት ሲብላላ ስልጆ ይኾናል፤ ይህም በገበታ ላይ የአይብን ቦታ ይይዛል።

ኑግ። ፍሬው ታምሶ ተወቅጦ በውሃ ተበጥብጦ ይጠለላል። መልኩ ቢጠቍርም ቅባቱ ብዙ ነው። ዘይቱም በወጥ ውስጥ ቅቤን ይተካል።

ተልባና ሰሊጥ። ተልባ ተቆልቶ ተፈጭቶ በውሃ ይበጠበጣል። ሰሊጥ ውሃ ውስጥ አድሮ ተፈጭቶ ሲጠለል ጣዕሙ ያማረ ነጭ መጠጥ ይሰጣል።

አጃና ገብስ። የአጃ አጥሚት ወተት ሳይገባበት በውሃ ብቻ ቢሠራ ለሕመምተኛና ለአራስ የሚስማማ ትኵስ መጠጥ ነው። በሶም በውሃ ተበጥብጦ ለመንገደኛና ለሠራተኛ ጕልበት ይሰጣል።

አኩሪ አተር። ከተክል መጠጦች መካከል በፕሮቲኑ ወደ ላም ወተት የሚደርሰው ይህ ነው። ፍሬው ሌሊቱን በውሃ ይዘፈዘፋል፥ ገለባው ታሽቶ ይወጣል፥ ከ 1 እጅ ፍሬ 8 እጅ ያህል ውሃ ተጨምሮበት ይፈጫል፥ ይጠለላል። ከዚያ እየተማሰለ ቢያንስ 20 ደቂቃ ይፈላል። ጥሬው አኩሪ አተር ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚከለክል ነገር ስላለው ሳይፈላ መጠጣት ክልክል ነው። የተጠለለው አንጓሎ ተደባልቆ ለዳቦ ወይም ለሽሮ ይኾናል፤ ስለዚህ የሚጣል ነገር የለውም።

እዚህ ላይ ኹለት ማስጠንቀቂያ እንጨምራለን። መዠመሪያው ስለ ጓያ ነው። በችግር ጊዜ ርካሽ ነው ተብሎ ጓያ እንደ ሌላው ጥራጥሬ ተቈጥሮ ለዚህ ሥራ እንዳይውል ይጠበቅ። ጓያን ለብዙ ሳምንታት ዋና ምግቡ ያደረገ ሰው እግሩ ሽባ ሊኾን ይችላል፤ ሽባነቱም አይመለስም። ኹለተኛው ስለ ንጽሕና ነው። እነዚህ መጠጦች እንደ ወተት ኹሉ በቶሎ ይበላሻሉ፤ የፈላ ውሃ ይግባባቸው፥ በተሠሩበትም ቀን ይጠጡ። ሰሊጥና አኩሪ አተርም ራሳቸው አለርጂ የሚያመጡበት ሰው ስላለ መዠመሪያ ጊዜ በጥቂቱ ይቀመሱ።

8ኛ፤ ወተትን የተወ ሰው ስለሚጎድለው ነገር

ነጭ መልክ ያለው መጠጥ ኹሉ ወተት አይደለም። ከአኩሪ አተሩ በቀር የቀሩት መጠጦች ፕሮቲናቸው ጥቂት ነው። ካልሲየማቸውም በፋብሪካ ካልተጨመረበት በቀር ከላም ወተት ያንሳል። በከተማ በካርቶን የሚሸጡትን የሚገዛ ሰው ካልሲየም የተጨመረበት መኾኑን በጽሕፈቱ ላይ ይመልከት። ስለዚህ ወተቱን የተወ ሰው ጕድለቱን ከገበታው ማሟላት አለበት።

ለካልሲየም ጤፍ ከእህሎች መካከል የተመረጠ ነው፤ በ 100 ግራም ደረቅ ፍሬ ውስጥ 180 ሚሊግራም ያህል ይገኝበታል። ተልባ 250 ሚሊግራም ያህል አለው። ሰሊጥ ከነገለባው ከ 900 ሚሊግራም በላይ ይዟል፤ ነገር ግን በገለባው ውስጥ ያለው ነገር ካልሲየሙን ስለሚይዘው ሰውነት ኹሉን አይቀበለውም። የጓሮ ጎመን ካልሲየሙን ለሰውነት በቀላሉ ስለሚሰጥ ዘወትር ቢበላ መልካም ነው። ካልሲየም ወደ ዐጥንት እንዲገባ የፀሐይ ብርሃን ያስፈልጋል፤ ሕፃንን ዐይነ ጥላ በመፍራት ሸፍኖ በቤት ማኖር ዐጥንቱን ያጎብጠዋል።

ለፕሮቲን ሽሮ፥ ምስር፥ ሽምብራና ባቄላ ከእንጀራ ጋራ ሲበሉ እርስ በርሳቸው ይሟላሉ። ቪታሚን ቤ 12 የተባለው ግን ከሥጋ፥ ከእንቍላል፥ ከዓሣና ከወተት በቀር በእህል ውስጥ አይገኝም። ስለዚህ ወተት የማይጠጣ ልጅ እንቍላል እንዲያገኝ ይደረግ። በአንድ ቤት ላም ማቆም ጥቅም ካልሰጠ 5 ዶሮ መስጠት የተሻለ የሚኾንበት ጊዜ አለ።

9ኛ፤ ስለ ሕፃናት

ከዚህ ጽሑፍ ኹሉ የሚበልጠው ቃል ይህ ነው፤ ከላይ የተጻፉት የእህልና የቅባት ፍሬ መጠጦች ለሚጠባ ሕፃን የጡትን ቦታ አይተኩም። ሕፃን እስከ 6 ወር የእናቱን ጡት ብቻ ይጠባል፤ ከዚያም ሌላ ምግብ እየጨመረ እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ቢጠባ መልካም ነው። በእናት ጡት ወተት ውስጥ በ 100 ግራም 7 ግራም ያህል ላክቶስ ስላለ፥ «ላክቶስ አይስማማውም» ተብሎ ሕፃን ጡት የሚያስጥሉ አሉ። ይህ ታላቅ ስሕተት ነው። ሕፃን ላክቶስን ለመፍጨት የተፈጠረ ነው፤ ከመወለዱ ጀምሮ ይህ ኀይል የሌለው ሕፃን እጅግ ብርቅ ነው።

የሚጠባ ሕፃን አለርጂ ያለበት መኾኑ በሐኪም ቢታወቅ፥ ጡቱን የምታስጥለው ሳትኾን እናቲቱ ራስዋ ከላም የሚገኘውን ምግብ ትተዋለች። የጾም ገበታ ለርስዋ ይበቃታል፤ ነገር ግን እንቍላልና ሥጋ ሳትከለከል ጠግባ ትብላ። እናቱ የሞተችበት ወይም ጡት የማያገኝ ሕፃን ቢኖር በሐኪም የሚታዘዝ ልዩ የሕፃን ወተት አለ፤ የሱፍ ውሃና የአጃ አጥሚት እየሰጡ ማሳደግ ግን ሕፃኑን በረኀብ መግደል ነው። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር መስጠትም ክልክል ነው።

10ኛ፤ የአስተዳዳሪውና የባለ እርሻው ድርሻ

አንደኛ፤ በትምህርት ቤት ወተት በሚታደልበት ቦታ ኹሉ ወተቱ ለማይስማማው ልጅ በልዋጭ እርጎ፥ እንቍላል ወይም የአኩሪ አተር መጠጥ ይዘጋጅለት። ልጁን በጓደኞቹ ፊት አስገድዶ ማጠጣት ይከልከል። አለርጂ ያለባቸው ልጆች ስም በትምህርት ቤቱ መዝገብ ይጻፍ፥ ምግብ የሚያበስሉትም ይወቁት።

ኹለተኛ፤ ከብት ወይም ፍየል ለድኻ ቤተ ሰብ ከመታደሉ በፊት ቤተ ሰቡ ወተት ይጠጣ እንደ ኾነ ይጠየቅ። ለመሸጥ ከኾነ መልካም ነው፤ ለመብላት ከኾነ ግን የሚስማማቸው ይሰጣቸው።

ሦስተኛ፤ የእርሻ ባለቤቶች ከእህሉ ጐን ሱፍ፥ ኑግ፥ ተልባና አኩሪ አተር ይዝሩ። ሱፍ ሥሩ ጠልቆ ስለሚወርድ ድርቅን ይታገሣል። የኑግ አበባ ለንብ ቀፎ ሲሳይ ነው፥ ዘይቱ ሲጨመቅ የሚቀረውም ፋጉሎ ለወተት ላም የተመረጠ መኖ ነው። አኩሪ አተር ደግሞ መሬቱን ያለማል፥ የሚከተለውንም እህል ያዳብራል። እንግዲህ እነዚህን መዝራት የላምን ሀብት የሚቃወም ሳይኾን የሚያግዝ ነው።

አራተኛ፤ በምግብ ቤትና በገበያ «የጾም ነውን?» የሚለው ጥያቄ በአገራችን ኹሉ የታወቀ ስለ ኾነ ወተት የማይስማማው ሰው ይህን ይጠቀምበት። ነገር ግን በአንድ ድስትና በአንድ ማንኪያ የጾሙም የፍስኩም የሚሠራበት ቤት ስላለ አለርጂ ያለበት ሰው በዚህ ቃል ብቻ አይታመን፤ ዕቃው ለብቻው መኾኑን ጨምሮ ይጠይቅ።

የወረዳ ሹማምንት በየስብሰባው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

1. በወረዳችን ወተት ሲጠጡ ሆዳቸውን የሚያማቸው ሰዎች ምን ያህል ናቸው? እርጎውንስ ይችሉታልን?
2. ወተቱ ተፈልቶ ይጠጣልን? ዕቃውስ እንዴት ይታጠባል?
3. «ወተት አይስማማውም» ተብሎ ጡት የተወ ሕፃን አለን? ካለ ወደ ጤና ጣቢያ ተወስዷልን?
4. የርዳታ ወተት በሚታደልበት ቦታ የማይስማማው ሰው ምን ይሰጠዋል?
5. ሱፍ፥ ኑግና አኩሪ አተር የሚዘራው በስንት ጋሻ ወይም በስንት ሄክታር ነው? ዘሩ የጎደለበት ቀበሌስ የትኛው ነው?

ከነዚህ ከ 5ቱ ሦስተኛው ጥያቄ ለነገ የማይባል ነው። የቀሩት እስከ መዝሪያው ወራት ሊቈዩ ይችላሉ፤ ጡት የተወ ሕፃን ግን እስከ ሳምንት አይቈይም።